ወደ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ

የገጠር ሰው ሽንት ቤት አይወድም የሚባለው ውሸት ነው። ይህን የምለው ጥናት አጥንቼ ሳይሆን አባቴን አይቼ ነው። የራሳቸው ቤት ቧንቧ ሲዘጋ ጎረቤት የሚያስቸግሩ የከተማ ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው እንዲህ ይላሉ፦ «መንግሥት ሽንት ቤት ቆፍሩ ብሎ አስቆፈራቸው፤ እነሱ ዶሮ አሳደሩበት።» እውነት ነው፣ እኛም ዶሮ አሳድረንበታል። ዶሮዎቹ ለምን እንደገቡ፣ እኛ ለምን እንደወጣን ግን የጠየቀን የለም። በደርግ ዘመን መጠየቅ የሚፈቀድለት አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ እሱም መልሱን ይዞ ነበር የሚመጣው።

መንደራችን ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ረግረጉ ሜዳ በሚጀምርበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ነበር። «የተመሠረተ» የምለው ቃሉ የዘመኑ ስለሆነ ነው። ከዚያ በፊት በየጉብታው ተበታትነን እንኖር ነበር። ጉብታ ላይ የሚኖር ሰው ለምን ጉብታ እንደመረጠ ማንም አልጠየቀንም፤ አያቶቻችን ሜዳው ላይ ቤት ያልሠሩት ሜዳውን ሳያዩት ቀርተው ይመስል። ከየጉብታችን አውርደው በመደዳ አሰፈሩን።

መደዳውን የለካው ካድሬ ጢሙ ገና ያቆጠቆጠ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ገመድ ግን ይወድ ነበር። ቤቱን በገመድ፣ አጥሩን በገመድ፣ ከየቤቱ ጀርባ የሚቆፈረውን የሽንት ቤት ጉድጓድ በገመድ አሰለፈ። የሁሉም ሽንት ቤት በር ወደ ሰሜን፣ ባንዲራ ወደተሰቀለበት ወደ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲዞር አዘዘ። ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሆኖ ሲያየው ደስ እንዲል ነው።

በእኛ አገር ሰሜን ቂብላ ነው። መካ ያለችው ከዚያ ጽሕፈት ቤት ኋላ፣ በቀጥታ ነው። ሰው ሲሰግድ ፊቱን ወደሚሰጥበት አቅጣጫ ለመጸዳዳት ሲቀመጥ ፊቱንም ጀርባውንም አይሰጥም። ይህን በእኛ ዘንድ የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ያውቀዋል። ግድግዳ ከከለለ ግዴለም የሚሉ ዓሊሞች እንዳሉ በኋላ አንብቤአለሁ። አባቴ ይህን አላነበበም፤ ቢያነብም የሚሰማ ሰው አልነበረም።

«ጓድ፣ ይኼ በር እኮ ወደ ቂብላ ነው የዞረው» አለው ለካድሬው፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ።

«ወደ ጽሕፈት ቤቱ ነው የዞረው፣ አባት።»

«እንግዲያው በየማለዳው ጽሕፈት ቤታችሁን ፊት ለፊት እያየን ነው ቁጢጥ የምንለው?»

ካድሬው ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። አዎ ቢል ጉድ ነው፤ የለም ቢል በሩ መዞር ሊኖርበት ነው። ተሰብሳቢው ፎጣውን አፉ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። በዚያ ዘመን ሳቅም ፈቃድ ያስፈልገው ነበር።

በሩ ሳይዞር ቀረ። የቂብላውን ክርክር የዘጋው ክረምቱ ነው። ጨፋ ላይ ውሃ ከሰማይ ብቻ አይመጣም፣ ከታችም ይነሳል። ሐምሌ ሳይጋመስ ጉድጓዶቹ ሞሉ፤ ነሐሴ ላይ የያዙትን ወደየግቢው መለሱ። ሰው ከጅረቱ ማዶ ወዳለው ወደ ጥንቱ ቁጥቋጦ ተመለሰ። ዶሮዎቹ ደግሞ ጣራ አገኙና ገቡ። ይህ ነው እንግዲህ ኋላቀርነት የተባለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚያ መንደር ውስጥ ሽንት ቤቶቹን በትክክል የመረመሩት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አባቴ ከማማ ላይ ወደቀ። ማማ ማለት በማሽላ እርሻ መካከል በአራት እንጨት ላይ የሚቆም ቆጥ ነው፤ ማሽላው እሸት ሲሆን ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ወፍና ጦጣ በወንጭፍ ይጠብቃል። ምስጥ የበላው እግር ከዳውና ማማው አባቴን ይዞ ወረደ። ቅልጥሙ ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ አጥንቱን አገጣጠመ፣ በሸምበቆ አሰረው፣ ግቢ ውስጥ በምርኩዝ ዘወር ዘወር ማለት እንደሚችል ነግሮት ሄደ። ግቢ ውስጥ። ቁጥቋጦው ግን ከግቢ ውጭ፣ ከጭቃውና ከጅረቱ ማዶ ነበር።

ስለዚህ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ያዝለው ጀመር። አጎቴ ጀርባው እንደ በሬ፣ አፉ እንደ ወፍ የሆነ ሰው ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ተላልፎ አይሄድም። ሰላምታው ከሰው ጤና ይነሳና ከብቱን፣ እህሉን፣ ማዶ ያለውን ዘመድ አዳርሶ ነው የሚያበቃው። አባቴ በታናሽ ወንድሙ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ በቸኮለበት ሰዓት፣ ለዚያ ሁሉ መልስ መስጠት ነበረበት።

«አካም ጅርታ! እግርህስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከብቱ ደኅና ነው? ልጆቹስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ወዴት ነው ታዲያ በዚህ ማለዳ?»

ወዴት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን አጎቴ በአባቴ ፈንታ መለሰ፦ «ሰንበቴ ገበያ ነዋ! ከብት ተወዷል ሲሉ ሰምቼ ይኼን ወይፈን ልሸጠው ነው።»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ያን ዕለት ማታ የቀረበለትን ሾርባ ቀመስ አድርጎ መለሰው። በማግስቱ ውሃውንም መለሰ።

«ጾም ነኝ» አለ።

ረመዳን ካለፈ ቆይቶ ነበር። እናቴ የያዘችውን ቅል ሳታስቀምጥ ቆማ አየችው። «የምን ጾም ነው? አላህ ያላዘዘውን አንቱ አዘዙት?»

«ተይኝ።»

ከጎረቤት ፖፖ ተውሳ አመጣችለት። ያ ነጭ የታካሚ ዕቃ ከቤት እንደገባ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ዕቃው እስኪወጣ ድረስም አልመለሰውም። ውሃ ካልጠጣ መሽናት የለም፣ ካልበላ መውጣት የለም፣ ካልወጣ መታዘል የለም። ሒሳቡ ይህ ነበር፤ ስህተት የለበትም። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ። ወጌሻው ተመልሶ ሲያየው እግሩን ነካ ነካ አደረገና «አጥንት በደረቁ አይገጥምም። ይኼ ሰው ካልበላና ካልጠጣ እኔ ምንም አልሠራሁም» ብሎን ወጣ።

እናቴ እኔንና አጎቴን ወደ ግቢው ጠራችን። እናቴ ስትናደድ የምትንሾካሾክ ሴት አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን ተንሾካሾከች።

«ይኼ ሰው በእግሩ አይሞትም። በኀፍረት ነው የሚሞትብኝ። ከደጃፌ የማይርቅ ሽንት ቤት ሥሩልኝ።»

አጎቴ ዶማ አነሳ። ከቤቱ በስተቀኝ ቆፈረ፤ ጉልበቱ ጋ ሳይደርስ ውሃ ወጣ። በስተግራ ቆፈረ፤ ውሃ ወጣ። ዶማውን ወርውሮ ተቀመጠ። «ዓሣ እናርባበት እንጂ ለሌላ አይሆንም» አለ።

እኔ ያኔ ማትሪክ ወድቄ፣ በሣጥን ሙሉ መጽሐፍ ይዤ ወደ ቤቴ የተመለስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራዬ ሰው የሚለውን መቃወም ብቻ ነበር። ፀሐይ ወጣች ቢሉኝ ለየት ያለ አስተያየት አላጣም። እናም አፌ እንደለመደው «ወደ ታች እምቢ ካለ ወደ ላይ እንቆፍረዋ!» አልኩ።

«ትምህርት ቤት ያስተማሩህ ይኼን ነው? ለዚህ ከሆነስ መውደቅህ ደግ ነው» አለኝ አጎቴ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። አጥራችን ጥግ የቆመውን ኩይሳ እያየች ነበር። ምስጥ የሠራው ያ የአፈር ክምር ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ስንት ክረምት ዘንቦበት አንድ ጎኑ አልተናደም፣ ውስጡም ደረቅ ነው። «ምስጥ ባሌን ጥላብኛለች» አለች። «ትካሰኝ!»

በሕይወቴ ተቃራኒ ነገር በመናገሬ ሰው ጠቅሜ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት እየጠበቅሁ አለሁ።

ዋናውን መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞች ሰፈር አጠገብ የተጣሉ የሬንጅ በርሜሎች ነበሩ። ጥበቃው ከአጎቴ ጋር ጫት የሚቅም ሰው ስለነበር «ከዓይኔ አርቁልኝ» አለን። የጎረቤታችንን ግመል ለምነን በግራና በቀኝ ጭነን ስናመጣ ሕፃን አዋቂው አብሮን ሄደ። «ግቢያችሁን አስፋልት ልታደርጉት ነው?» አለች አንዲት ሴት። «አዎ፣ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ በእኛ ደጅ ነው ከእንግዲህ የሚያልፈው» አለ አጎቴ።

የበርሜሎቹን ግራና ቀኝ ክዳን በመሮ ቆርጠን አወጣን። ከታች ድንጋይ ደለደልን፣ በላዩ በርሜል በበርሜል ላይ እንደ ቧንቧ አቆምን። የታችኛውን ፈሳሹ እንዲሾልክ በሚስማር ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግነው። ከዚያ እናቴ ደቦ ጠራች። ለምን እንደሆነ ስትናገር አላፈረችም፤ «ለባሌ መቀመጫ ነው» አለች። ሰው ኩይሳውን በዶማ ፈልጦ፣ በሳንቃ ተሸክሞ፣ በርሜሎቹን ዙሪያቸውን ከቦ ረገጠው። ምሰሶ እንጂ ጉድጓድ የማይመስል ነገር ከቤታችን ጣራ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ከላዩ የግራር ግንድ ረብርበን በጭቃና በእበት መረግነው፤ ግድግዳውን በማሽላ አገዳ አቆምን፤ በሩን ከተዘረጋ በርሜል ሠራን። የአባቴ እግር ደረጃ ስለማይችል ደረጃውን ትተን ከቤታችን ደጃፍ የሚነሳ ለስላሳ ዳገት ደለደልን፤ በግራና ቀኙ ምርኩዙ ቢያዳልጠው የሚይዘው አጣና ገጠምንለት።

አባቴ ይህን ሁሉ በመስኮት ያያል። አይናገርም፤ ውሃም አይጠጣም። ጉሮሮውን በጉንጭ ውሃ ያረጥብና ቅሉን ይመልሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ምርኩዙን በመስኮቱ አውጥቶ ወደ ምሥራቅ ጠቆመ። ገባን፤ መቀመጫው ቂብላን በጎኑ ትቶ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን» አለ። በቀናት ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ነበር።

የቀረው መቀመጫው ነው። የተሰበረ እግር ቁጢጥ አይልም። በቤታችን ውስጥ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ነበረን፤ እኛ በመደብና በቁርበት ላይ ስለምንቀመጥ የሚወጣው ካድሬው ሲመጣ ብቻ ነው። እናቴ ወንበሩን ከጓዳ አውጥታ መጋዙን ለአጎቴ ሰጠችው።

«ይኼን?» አለ አጎቴ።

«ሌላ ወንበር አለን?»

አጎቴ መሐሉን በክብ እየሰነጠቀ እስኪጨርስ ድረስ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉም ባለቀበት ጠዋት አባቴ በምርኩዙ ተነሣ። ልደግፈው ስል ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። በአንድ እጁ ውሃ የያዘች ትንሽ ማንቆርቆሪያ በጣቱ አንጠልጥሎ ዳገቱን ጀመረ። ደቦ የወጣው ሰው በሙሉ አጥራችንን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ማንም ግን ወደ እርሱ አላየም። ሁሉም ስለ ማሽላው ያወራ ነበር። እንዲህ ያለውን ጨዋነት ከዚያ ወዲህ በብዙ አዳራሽ ውስጥ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አባቴ ወጣ፣ ገባ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

ልክ በዚህ ሰዓት ካድሬው መጣ።

ከከሚሴ በእግሩ ጭቃውን አቋርጦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ነበር የመጣው። የመጣው መደዳ ሽንት ቤቶቹን ሊያይ ነው። መደዳው በውሃ ውስጥ ነው። ከውሃው በላይ አንድ ነገር ብቻ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ጽሕፈት ቤቱን ቁልቁል ያያል። ጊዜው ደግሞ ከፍ ያለ ነገር የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር።

«ይኼ የምን ማማ ነው?» አለ። «ማንን ልትጠብቁበት ነው?»

ቀና ሲል ከአገዳው ግድግዳ ውስጥ እንቅስቃሴ አየ።

«እላይ ሰው አለ! አንተ፣ እላይ ያለኸው! ውረድ!»

ከላይ ሳል መጣ፦ «እህ-ህም!»

በእኛ ዘንድ ሽንት ቤት ውስጥ ያለ ሰው አይናገርም። ሰላምታ አይመልስም፣ ስሙ ቢጠራም አቤት አይልም፤ ሰው መኖሩን የሚያስታውቀው በሳል ብቻ ነው። ካድሬው ይህን አያውቅም። ሳሉን እንደ ንቀት ወሰደው።

«ስምህን ተናገር!»

«እህ-ህም!»

«በአብዮቱ ላይ ነው የምታስለው? ለመጨረሻ ጊዜ እላለሁ፣ ስምህን ተናገር! አለዚያ ይኼን ማማ አሁኑኑ ነው የማስፈርሰው!»

«እህ-ህ-ህም!» ይህኛው ረዘም ያለና የሚለምን ነበር። ወደ በሩ ለመሮጥ ተነሣሁ፤ እናቴ ቀድማኝ በካድሬውና በዳገቱ መካከል ቆመች።

«ጓድ ልጄ» አለችው፣ «እዚያ ውስጥ አይወራም።»

«ለምን አይወራም?»

«ሽንት ቤት ነዋ!»

አጎቴ መጀመሪያ ፈነዳ። ከዚያ አጥሩ በሙሉ። ሰው ፎጣውን አፉ ላይ ማድረጉን ረሳ፤ ያ መንደር ከተመሠረተ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሲስቅ የሰማሁት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ካድሬው ቀላ፤ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ውሃው አየ፣ መልሶ ወደ ላይ አየ። «ሽንት ቤት ወደ ላይ ይሠራል?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። አባቴ ከዚያ ቦታ ሲወጣ የሚባለውን «ጉፍራነከ» በከንፈሩ ጨርሶ፣ ቀና ብሎ፣ ሕዝቡን ከላይ አየ። የትኛውም ባለሥልጣን ከየትኛውም ሰገነት ላይ እንደዚያ ሆኖ ሲቆም አላየሁም። «አሰላሙ አለይኩም» አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ መለሰ። በምርኩዙ፣ አጣናውን ሳይነካ፣ ዳገቱን ወርዶ ጨረሰና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ቢሻን!» አለ።

እናቴ ውሃ የሞላ ቅል አመጣች። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ፣ ሕዝቡም ካድሬውም እያዩት፣ እስኪጨርሰው ጠጣና ቅሉን መለሰላት። «ድገሚኝ» አለ። እናቴ ልትቀዳ ወደ ቤት ገባችና ጥቂት ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ካድሬው ሁለተኛውም ቅል እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ወደ አጎቴ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ከከሚሴ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው፣ ያዘዘው መደዳ ደግሞ በውሃ ውስጥ ነው። አጎቴ በእጁ ወደ ዳገቱ አሳየው። «ግዴለም፣ የሕዝብ ነው» አለው።

ወጣ፤ መቀርቀሪያውን ዘጋ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ ማንንም አያይም።

«ወንበሩን አወቅከው፣ ጓድ ልጄ?» አለችው እናቴ።

አውቆት ነበር። ፈገግታውን ሊያፍነው ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ፤ ያን ጊዜ ነው በእውነት ልጅ እግር መሆኑ የታየኝ። «ጥሩ ወንበር ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁሉም ቤት እንደዚህ እንዲሠራ አዘዘ። አባቴ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ጠየቀው፦ «በሩስ ወደየት ይዙር?»

«ወደፈለጋችሁት» አለ ካድሬው።

በዚያ ዘመን ከባለሥልጣን አፍ «ወደፈለጋችሁት» የሚል ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። እኛ ሰምተናል፤ ያስገኘልንም ሽንት ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ በመንደሩ «ሜዳ ልውጣ» ማለት ቀረ። ሰው «ማማ ልውጣ» ይላል። አባቴ የወደቀበትን ነገር ስም ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱ ይኮሳተር ነበር፤ በኋላ እሱም «ማማ» ማለት ጀመረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ትንሽ ወደ ጎን ቢሆንም ገጠመ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ዝናብ ሳይቀድመው ዳገቱን ራሱ ይደለድላል፣ ስንጥቁን በኩይሳ አፈር ይለስናል፣ አመድ በየጊዜው ይጨመር እንደሁ እናቴን ይቆጣጠራል። በርሜሉ ሲሞላ ሌላ አጠገቡ አቁመን አሮጌውን ከደንነው፤ ከርሞ ስንከፍተው ሽታ የሌለው ጥቁር አፈር ሆኖ ጠበቀን። እናቴ ፓፓያ ተከለችበት። አጎቴ ከዚያ ፓፓያ እስኪሞት አልቀመሰም። «የማውቀውን ሰው አልበላም» ይል ነበር።

መንደር ምሥረታው በፈረሰ ጊዜ ሰው ጣራውን ነቅሎ፣ ምሰሶውን ተሸክሞ ወደየጉብታው ተመለሰ። የባንዲራው እንጨትና ገመዱ እዚያው ቀሩ። በርሜሎቹን ግን ማንም አልተወም፤ እያንከባለለ ዳገት ለዳገት ወሰዳቸው። ጉብታ ላይ ደረቅ ጉድጓድ ወደ ታች መቆፈር ይቻላል፤ ብዙዎቹ ግን ከፍ አድርገው ሠሩት፣ ለምደውታል። የገጠር ሰው ሽንት ቤት አይወድም የምትለኝ አንተ፣ ከፈረሰ መንግሥት ላይ ምን አንስተህ ወጣህ?

አሁን ይህን ገጽ ዝጋው። ለእናትህ ወይም ለአባትህ ደውልና ዛሬ ስንት ጊዜ ውሃ እንደጠጡ ጠይቅ። «አልጠማኝም» ካሉህ አትመናቸው፤ አካፋህን ይዘህ ሂድና ሽንት ቤታቸውን ሥራ።